የተወዳደረ ያነሳል

ዳሪል ያን ወንበር ከየት እንዳመጣው እንጃ። መደገፊያ አለው፤ መቀመጫው ላይ ደግሞ አበባ የታተመበት ትራስ ታስሮበታል። ከውድድሩ ትራክ ጀርባ፣ ሰው በማያልፍበት ጥግ አስቀመጠውና ማክሲን ህሮቫት እስክትገባ ጠበቀ። ማክሲን የዳሌ አጥንቷ በብረት ተተክቶ ከሆስፒታል ከወጣች ብዙም አልቆየችም። ሐሙስ ማታ ነው፣ ውጭው በረዶ ነው፣ እሷ ደግሞ የመሣሪያ ሳጥኗን በአንድ እጇ፣ ከዘራዋን በሌላው ይዛ ከች አለች።

«ይሄ የማን ነው?» አለች ወንበሩን በከዘራዋ እየጠቆመች።

«ያንቺ ነዋ። አረፍ በይበት።»

«ማን ደከመኝ አለህ?»

ዳሪል የትንንሽ መኪና መወዳደሪያ ቤቱ ባለቤት ነው። ሃምሳ ሊሞላው ትንሽ የቀረው፣ ደግ፣ ነገር የማይወድ ሰው። አንገቱን አከከ። «ማንም አላለኝም። ግን ከልጆቹ ጋር ተነጋገርን። መወዳደርሽን ትወዳደሪያለሽ፣ የወደቀ መኪና ማንሳቱን እኛ እናነሳልሻለን። ያን ሁሉ ሰዓት ከምትቆሚ ብለን ነው። ለክብርሽ ነው፣ ማክሲን።»

«ክብሬን ለቀብሬ አስቀምጠው። በቁሜ አትቅበረኝ።»

ይህን ብላ ሳጥኗን ወንበሩ ላይ ዘፍ አደረገችው። «እሱም አርጅቷል፣ እሱ ይረፍበት» አለችና ጀርባዋን ሰጥታው ሄደች። እዚያ ቤት አንቱታ የሚባል ነገር የለም፤ ሰባ አምስት ዓመት የሞላትም አሥራ ስድስት የሞላውም በስሙ ይጠራል፣ እኩል ይሰደባል። ዳሪል የተናደደው በንግግሯ አልነበረም። ወንበሩን ሲያመጣ ደስ ይላታል ብሎ ከልቡ አስቦ ነበር።

ነገሩ ላልገባው ሰው ግን እልኋ እብደት ይመስላል። ትራኩ የአንድ ቤት ወለል የሚሞላ የእንጨት መንገድ ነው፤ ይጠማዘዛል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ በድልድይ በራሱ ላይ ያልፋል። የየራሳቸው ቀለም ያላቸው ስምንት ቦዮች ተፈልፍለውበታል፤ የያንዳንዱ ቦይ ግራና ቀኝ የመዳብ ጥብጣብ ተለጥፎበት ኤሌክትሪክ ይሄድበታል። መዳፍ የምታህል መኪና ከሆዷ ሥር ያለውን ምላስ ቦዩ ውስጥ ሰክታ ትሮጣለች። ነጂው ዳር ቆሞ ቃታ ያለው መቆጣጠሪያ ይዟል። ቃታውን ሲስበው ትበራለች፣ ሲለቀው ትቆማለች። መሳቡን ማንም ይችላል፤ መቼ እንደሚለቀቅ ማወቁ ነው ዕድሜ የሚፈጀው። ኩርባ ላይ ያልለቀቀ ሰው መኪናው ተስፈንጥራ ትወጣለች፣ አንዳንዴም የሰው ግንባር ላይ ታርፋለች።

የወደቀችውን መኪና ነጂው ራሱ ሄዶ አያነሳም። በየኩርባው አንሺ ይቆማል። አንሺው መኪናዋን ብድግ ያደርግና ላይዋ የተለጠፈውን የመስመሯን ቀለም አይቶ ወደ ቦይዋ ይመልሳታል፣ ያውም ሌሎቹ ከእጁ ሥር ሽው እያሉ። ለዚህ ሥራ የሚቀጠር ሰው የለም። የመጀመሪያው ምድብ ተወዳድሮ ሲጨርስ መቆጣጠሪያውን አስቀምጦ ለሁለተኛው ምድብ ሊያነሳ ወደ ኩርባው ይሄዳል። የተወዳደረ ያነሳል። ሀብታሙም ደሃውም፣ ሻምፒዮኑም መጨረሻ የወጣውም። ማክሲን ይህን ሕግ እንደ ዋዛ አታየውም፣ ምክንያቱም ገና በልጅነቷ ሕጉ ምን ያህል ሊጣመም እንደሚችል አይታለች።

በዚያ ዘመን በአሜሪካዋ ክሊቭላንድ ከተማ ውስጥ ትራክ የሌለው ሰፈር አልነበረም። ሱቅ ሲዘጋ ትራክ ይከፈታል፣ ፀጉር ቤት ሲዘጋ ትራክ ይከፈታል። የማክሲን የመጀመሪያው ትራክ ከሚስተር ካራስ ቦውሊንግ ቤት ሥር፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ነበር። ከላይ ኳሱ ሲንከባለል ጣሪያው ይንጎዳጎዳል። ከታች የሞቀ ሞተር ሽታ፣ ቃሪያ የበዛበት የቋሊማ ሳንድዊች ሽታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጎማው መንገዱን ቆንጥጦ እንዲይዝ የሚቀቡት የዘይት ሽታ አለ፤ ልክ እንደ ማስቲካ አፍንጫ የሚሰነጥቅ ሽታ። ዛሬም ፋርማሲ ገብታ የሕመም ቅባት ሲከፈት ያ ሽታ ከመጣባት ባለችበት ቀጥ ትላለች። መድኃኒት ሻጯ «ምን ልስጥሽ?» ስትላት የመጣችበትን ትረሳለች።

ሴት አትወዳደርም ተብሎ የትም አልተጻፈም። ያልተጻፈ ሕግ ደግሞ ከተጻፈው ይከፋል፣ ምክንያቱም የሚቀደድ ነገር የለውም። ሴቶቹ ከወንድማቸው ወይም ከጓደኛቸው ጋር ይመጣሉ፣ ካፖርት ይይዛሉ፣ ያነሳሉ። ወንዶቹ ተወዳድረው ሲጨርሱ ቋሊማቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። የተወዳደረ ያነሳል የሚለው ትልቅ ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ነበር፤ የሚሠራው ግን ሴት እስክትገኝ ነው። ማክሲን ለወንድሟ ለቨርነን አንሺ ሆና ዓመት አለፋት። የምትቆመውም ከድልድዩ ሥር ባለችው ጠባብ ኩርባ ላይ ነበር፤ ጉሮሮ ይሏታል፣ የገባውን ሁሉ ስለምትተፋ።

እዚያ ቆማ ግን ዓይኗ ሥራ አልፈታም። ማን ቶሎ እንደሚለቅ፣ ማን እንደሚፈራ፣ ማን ከፍርሃቱ የተነሳ እንደሚደፍር ከመኪናው አወዳደቅ ታውቅ ነበር። ትምህርቷን ስትጨርስ የማቀዝቀዣ ሞተር የሚሠራ ፋብሪካ ገባች፤ ቀኑን ሙሉ ቀጭን የመዳብ ሽቦ መጠምጠም ነው ሥራዋ። በዚያን ጊዜ ደግሞ ተወዳዳሪዎቹ የመኪናቸውን ሞተር ፈትተው እንደገና ራሳቸው መጠምጠም ጀምረው ነበር፣ ያውም እንደ ሹራብ ክር እያዝረከረኩ። ማክሲን በምሳ ሰዓቷ የቨርነንን ሞተር ጠመጠመችለት። ከዚያ በኋላ ቨርነንን የሚቀድመው ጠፋ። ዋንጫው ማቀዝቀዣው ላይ ተደረደረ፣ እናታቸው ለጀግናው ልጇ ፒሮጊ የሚባለውን ድንች የተሞላ ሊጥ ቀቀለችለት። ሞተሩን ማን ሠራው ብሎ የጠየቀ አልነበረም፣ ቨርነንም አልተናገረም።

«እኔስ ልወዳደር?» አለችው አንድ ቀን።

«አንቺ?» ሳቀ። «ሰው ምን ይለኛል?»

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ፤ ወንድምም አንዳንዴ ያው ነው።

የዋንጫው ዓርብ መጣ። ምድር ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ቨርነን እየመራ ነበር፤ ጉሮሮ ላይ ቃታውን ትንሽ አዘገየና መኪናው ወጥታ ማክሲን እግር ሥር ወደቀች። ማክሲን ሁለት እጇን ካፖርት ኪሷ ውስጥ ከተተች።

«ማክሲን!» ብሎ ጮኸ። «ወድቃለች!»

«አይቻለሁ።»

«አንሺያታ!»

«አንተ አንሳት።»

ሌላዋም ወደቀች፣ ሦስተኛዋም ተከተለች። ወዲያ ማዶ ኩርባ ላይ የቆመችው ዋንዳ የምትባል የፖላንዶች ልጅ መጀመሪያ ማክሲንን አየቻት፣ ቀጥሎ ጓደኛዋን አየችው፣ ከዚያም እጆቿን አጣጥፋ ግድግዳውን ተደገፈች። ወንዶቹ ሁሉ ባንዴ መጮህ ጀመሩ። መኪናዎቹ እንደ ሞተ ዝንብ በጀርባቸው ተንጋለው መንገዱን ሞሉት። ጩኸቱን ሰምቶ ሚስተር ካራስ የቦውሊንግ ጫማ በእጁ እንደያዘ ደረጃውን ወረደ።

«ምን ሆናችሁ? ሰው ሞተ?»

«መኪና ነው የሞተው» አለች ማክሲን። «ግድግዳዎ ላይ የተወዳደረ ያነሳል ይላል። እኔ ደግሞ አልተወዳደርኩም። ሕጉ ካልሠራ ያውርዱት፣ ከሠራ ያሠሩት።»

ካራስ ግድግዳውን አየ፣ እሷን አየ፣ ቨርነንን አየ። ነጋዴ ነው፣ ዓርብ ማታ ትራኩ ሲቆም ምን እንደሚያጣ ያውቃል። «መኪና አለሽ?» አላት።

«መኪና የለኝም። ሲመራ የነበረው ሞተር ግን የኔ ሥራ ነው።»

ቨርነን ጆሮው ድረስ ቀላ። የሚቀጥለው ዓርብ ማክሲን ተወዳደረች፣ መጨረሻም ወጣች። ስንት ጊዜ እንደወደቀች ቆጥራ አትጨርሰውም። ቨርነን ግን ወደ ቤት ሲሄዱ መኪና ውስጥ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ «ጉሮሮ ላይ ድልድዩን ሳታይ ልቀቂ፤ ድልድዩን ካየሽ አልፎብሻል» አላት። ይቅርታ የሚለውን ቃል በዕድሜው አንዴም አላወጣውም፤ እሷም ይህንኑ እንደ ይቅርታ ቆጠረችለት።

ከዚያ ወዲያ በኤሪ ሐይቅ ዳርቻ ያልረገጠችው ትራክ የለም። ፓርማ ውስጥ ቀድሞ ትልቅ የምግብ መደብር በነበረው አዳራሽ ውስጥ ያለው ነበር የልቧ። የአትክልት መደርደሪያ በነበረበት ቦታ ላይ ሰው የሚያህል ግድግዳ የመሰለ ጠርዝ ያለው ኩርባ ተሠርቷል፤ መኪኖቹ ግድግዳው ላይ በጎናቸው ሲሮጡ ያየ ሰው አፉን ከፍቶ ይቀራል። ሮይ የሚባል ወጣትም አፉን ከፍቶ ሲያይ ነው የማክሲን መኪና ከግድግዳው ተስፈንጥራ የፊት ጥርሱን የሸረፈችው። ይቅርታ ልትጠይቅ ሄዳ አገባችው። ሮይ እስኪሞት ድረስ ጥርሱን አላስጠገነም፣ ለሰው ሁሉ እያሳየ «ጥሎሽ ነው» ይል ነበር።

ሎሬይን በምትባል ከተማ ደግሞ ከብረት ማቅለጫው አጠገብ ጫማ ቤት የነበረ ትራክ ነበረ። ጣሪያው ያፈሳል፤ ባልዲ የሚደረደርበት ቤት ነው። ግን እርጥበት ሲኖር ጎማው መንገዱን እንደ ሙጫ ይይዘዋል። ሌላው ሰው ዝናብ መጣ ብሎ ሲማረር እነሱ ስልክ ይደዋወላሉ፣ «ሎሬይን እየዘነበ ነው!» ይባባላሉ፣ እራቱን ምድጃ ላይ ጥሎ የሚነሳም ነበር። ማክሲን ከወለደች በኋላ እንኳ ልጇን በአልጋዋ ይዛ ባልዲዎቹ መሃል ታስተኛት ነበር። ልጅቷ ጆሊን ትባላለች፤ አሁን ትልቅ ሴት ሆና የባንክ ቤት ኃላፊ ናት፣ የውሃ ጠብታ ድምፅ ስትሰማ እንቅልፏ ይመጣል።

ሁሉም ግን አንድ በአንድ ተዘጉ። የካራስን ምድር ቤት ትራክ እዚያው ውስጥ ስለሠሩት በደረጃው አልወጣ አለ፤ በመጋዝ ቆራርጠው ነው ያወጡት። ሰዉ ለማስታወሻ እያለ ቁራጭ ቁራጩን ይዞ ሄደ። «አንቺስ አትወስጂም?» ቢሏት፣ «የሬሳ ቁራጭ ቤቴ አላስገባም» አለች። በንዴት አለቀሰች፤ ማንም እንዳያጽናናት ግን ፊቷን አኮሳትራ ቆመች። የፓርማው ሲዘጋም የሎሬይኑ ሲዘጋም ያው ነበር። አንዱ ሲዘጋ ሌላ የት ተከፈተ ብላ ትጠይቃለች፣ የትም ከሆነ ትነዳለች።

«እማ፣ አሻንጉሊት እኮ ነው» ትላታለች ጆሊን።

«ጎረምሳ ሁሉ ኳስ ሲያባርር ሀገር ቆሞ ያጨበጭባል። እሱ አሻንጉሊት አይደለም፣ የኔ አሻንጉሊት ሆነ?»

«ዳሌሽ...»

«ዳሌዬ ብረት ነው። ከመኪናዬ ጋር ተዛመድን።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ማክሲን ሞኝ አልነበረችም፤ የማትለቀው በእጇ የቀረው ነገር በጣም ጥቂት ስለሆነ ነው። ሮይ ሞቷል፣ ቨርነን ሞቷል፣ ፋብሪካው መጋዘን ሆኗል። የቀረው የዳሪል ትራክ ብቻ ነው፤ የቤት ዕቃ መሸጫ በነበረ አዳራሽ ውስጥ፣ ስምንት መስመር፣ አንድ ድልድይ፣ እንደማንኛውም ደህና ትራክ ከድልድዩ ሥር የራሱ ጉሮሮ ያለው።

እንግዲህ የዚያ ሐሙስ ውድድር ተጀመረ። ማክሲን በመጀመሪያው ምድብ ነበረች። ብዙም አልወደቀችም፤ ከምድቡ አራተኛ ሆና ወጣች። ከሁለቱ ምድቦች በተወሰነው ሰዓት ብዙ ዙር የዞሩት ስምንቱ ለፍጻሜው ያልፋሉ፤ የእሷ ዙር ሲታይ ማለፏና አለማለፏ ሁለተኛው ምድብ ሲሮጥ የሚለይ ሆነ። መቆጣጠሪያውን አስቀመጠችና ቀጥ ብላ ወደ ጉሮሮ ሄደች።

«ማክሲን፣ ተይው እንጂ» አለ ዳሪል።

«ከተውኩማ ያዞርኩትን ዙርም ሰርዘው። ያላነሳ አልተወዳደረም።»

«ቢያንስ ቀላሉ ኩርባ ላይ ቁሚ።»

ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው። ከዘራዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ሆዷን ከትራኩ ጠርዝ አስጠግታ ቆመች። ዳሪልም ተስፋ ቆርጦ የማስጀመሪያውን መብራት ለቀቀው።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰላም ነበር። የወደቀውን ታነሳለች፣ ትሰካለች፣ እጇን ትሰበስባለች። ቀጥሎ አንደኛዋ ድልድዩ ሥር ተንሸራተተች፣ ሌላዋ መታቻት፣ ሦስተኛዋ ላያቸው ላይ ወጣች። ማክሲን ጎንበስ አለች፤ ዳሌዋ እንደ ጩቤ ወጋት፣ ጥርሷን ነከሰች። አንዷን መለሰች፣ ሁለተኛዋን መለሰች፣ ሦስተኛዋን ሰክታ ለቀቀች። ይህች ሦስተኛዋ የትሬቨር ነበረች። ትሬቨር ሠላሳ ያልሞላው፣ ጥሩ የሚነዳ፣ አፉ የማያርፍ ልጅ ነው። መስመሩ ብርቱካናማ ነው፤ ማክሲን ግን ቀዩ ቦይ ውስጥ ነው የሰካቻት። የትሬቨር መኪና በቀዩ ነጂ ቃታ እየተነዳች ሄደች፣ ትሬቨር የራሱን ቃታ ቢስብ ቢስብ ምንም የለም። ሌላው አንሺ አይቶ አውጥቶ እስኪመልሳት ድረስ የትሬቨር ዙር በከንቱ አለፈ።

ይህ ስህተት በዚያ ቤት ትልቅ ነገር ነው። የሰው መኪና የሰው ቦይ ውስጥ የሰካ አንሺ ከራሱ ዙር አንድ ይቀነስበታል፣ ከዚያ በፊት ግን አዳራሹ ሙሉ ይሰድበዋል። ማክሲን ስድቡን ጠበቀች። ምንም የለም። ትሬቨር አፉን ከፈተ፣ እሷን አየ፣ መልሶ ዘጋው። «ግድ የለም» አለ በቀስታ። ሌሎቹም ያላየ መስለው ዓይናቸውን ትራኩ ላይ ተከሉ።

ምድቡ ሲያልቅ ዳሪል ማለፊያውን አነበበ። ስምንተኛዋ ማክሲን። ዘጠነኛው ትሬቨር፣ በግማሽ ዙር ተቀድሞ። አጨበጨቡላት። ማጨብጨባቸው ነው ደሟን ያፈላው።

«ዳሪል። አንድ ዙር ቀንስ።»

«ከማን?»

«አታውቅም? ከኔ ነዋ! የልጁን መኪና ቀዩ ላይ ሰክቻለሁ።»

«ማንም ያየ የለም፣ ማክሲን።»

«እኔ አይቻለሁ። እሱ አይቷል። አንተም አይተህ ነው አሁን ጫማህን የምታየው።»

«ከበሽታ መነሳትሽ ነው...»

«የተሳሳተው ዓይኔ ነው፣ ዳሌዬ አይደለም! ባለፈው ግሌን እንዲሁ ሲሳሳት ምን አደረጋችሁት?»

ከጀርባ ግሌን ራሱ መለሰ፦ «ቀነሱብኝ። አያቴንም ሰደቧት።»

«ታዲያ የግሌን አያት ስትሰደብ እኔ ምን ሆኜ ነው የምታልፉኝ?» አለች ማክሲን። «ወጣት ሳለሁ እንዳልወዳደር ማንሳቱን ብቻ ሰጡኝ። አሁን ደግሞ እንድወዳደር ብላችሁ ጥፋቴን ወሰዳችሁብኝ። ያኛውም ሰው አላደረገኝም፣ ይሄኛውም አያደርገኝም። ፍጻሜ መግባት እፈልጋለሁ፤ አምላኬን፣ እንዴት እንደምፈልግ! ግን በምጽዋት አልገባም። ቀንስ!»

ዳሪል ወደ ሰሌዳው ሄደ፣ ቁጥሯን በመዳፉ አጠፋና አንድ ቀንሶ ጻፈ። የትሬቨርን ስም ወደ ላይ አወጣው።

ያላለፉት ለፍጻሜው ያነሳሉ። ማክሲን ወደ ጉሮሮ ተመለሰች። ማንም ተይው አላላትም። ስምንቱ መኪኖች ተደረደሩ፣ መብራቱ ተለቀቀ፣ አዳራሹ እንደ ንብ ቀፎ ጮኸ። ትሬቨር ዕጣው ዳግም ብርቱካናማው ላይ ጥሎታል፤ እንደ እብድ እየነዳ ከፊት ወጣ። ድልድዩን እያየ መጣ፣ አልለቀቀም፣ ጉሮሮ ተፋችው። መኪናዋ ማክሲን ክንድ ላይ ነጥራ ወደቀች።

ማክሲን ጎንበስ አለች፣ እጇ ለአንድ አፍታ ከቦዮቹ በላይ ቆመ።

«ማክሲን!» ትሬቨር አዳራሹ እስኪያስተጋባ ጮኸባት። «ብርቱካን! ብርቱካን ነው ያልኩት! ዓይንሽን ቤት ጥለሽው ነው የመጣሽው? ወይስ ተኛሽ? አንሺያት እንጂ፣ አንቺ አሮጊት!»

ዳሪል ደነገጠ። አንድ ሰው «ኧረ ትሬቨር!» አለ።

ማክሲን መኪናዋን ብርቱካናማው ቦይ ውስጥ ጠቅ አድርጋ ለቀቀቻት፣ ቀና አለችና በሙሉ ድምጿ መለሰችለት፦ «ድልድዩን ሳታይ ልቀቅ፣ አንተ ደንባራ! እንደምትጮኸው ብትነዳ ኖሮ እስካሁን ጨርሰህ ነበር!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ግሌንም የትሬቨርን አያት አነሳ፣ ትሬቨርም የግሌንን። መኪኖቹ እንደገና እየከነፉ መጡ። ማክሲን ዳሌዋ እንደ እሳት እየለበለባት፣ እጇን ዘርግታ፣ የሚቀጥለው እስኪወድቅ ጠበቀች።